የጉባኤው ማግስት፦ የአይሁድ ባለሙያዎችን ትስስር በአካባቢ መሰባሰቢያዎች ማጽናት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአይሁድ ማኅበረሰብ ተቋማት ውስጥ የሚያገለግሉ ባለሙያዎችን፣ በተለይም መምህራንን፣ የሚያገናኙ ትስስሮች በምን ዓይነት የገንዘብ ድጋፍ ሊጸኑ እንደሚችሉ ይመረምራል። ለዚህም በ1976 በአሜሪካ ተመሥርቶ በ2009 የተዘጋውን የአይሁድ ትምህርት ጥምረት በ1980 በብሪታንያ ከተጀመረው ከሊሙድ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም ለአካባቢ አስተናጋጆች አነስተኛ ድጎማ የሚሰጡ የቅርብ ዘመን መርሐ ግብሮችን አሠራር ይቃኛል። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ ትልቅ ዓመታዊ ጉባኤ ትውውቅን ይፈጥራል፤ ትውውቁን ወደ ዘላቂ ትስስር የሚለውጠው ግን በየአካባቢው የሚደጋገም አነስተኛ መሰባሰብ ነው። ለዚህ የሚውለውም ገንዘብ መጠኑ ትንሽ፣ ዘመኑ ረጅም፣ አሰጣጡ ቀላል ሊሆን ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሙያ ትስስር፣ የአካባቢ መሰባሰቢያ፣ አነስተኛ ድጎማ፣ የአይሁድ ትምህርት፣ በጎ ፈቃድ

1. መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ ብዙ የአይሁድ ልጆች ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ታሪካቸው የሚማሩት በምኩራቦች ሥር በተቋቋሙ የማሟያ ትምህርት ቤቶች ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በአብዛኛው እሑድ ጠዋትና በሳምንቱ አጋማሽ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ በመሆኑ፣ መምህራኑ ባመዛኙ የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ናቸው። በትንሽ ከተማ የሚገኝ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሥራውን ብቻውን ይሸከማል። በሳምንት በጥቂት ሰዓታት የዕብራይስጥ ንባብን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል፣ ከወላጆች ጋር የሚነሣ አለመግባባት እንዴት እንደሚፈታ፣ ለመምህራን ምን ያህል ደመወዝ መክፈል ተገቢ እንደሆነ የሚያማክረው የሙያ ጓደኛ በአቅራቢያው ላይኖር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሙያ ትስስር በሥራው ለመቆየትና ሥራውን ለመተው ምክንያት ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነው። በማኅበረሰብ ማዕከላት፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማትና በወጣቶች የክረምት ካምፖች የሚሠሩ ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ብቸኝነት ያጋጥማቸዋል።

ይህን ችግር ለማቃለል ገንዘብ የሚሰጡ በጎ አድራጊዎች በተደጋጋሚ የሚመርጡት መንገድ ትልቅ ጉባኤ ነው። ጉባኤ ይታያል፤ ይቆጠራል፤ በሪፖርት ለማቅረብም ይመቻል። በአንጻሩ በአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዐሥር መምህራን በየወሩ መገናኘታቸውን በሪፖርት ለማጉላት አስቸጋሪ ነው። ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለመታየት የሚመቸውና ትስስርን ለማቆየት የሚበጀው አንድ ካልሆኑ፣ ውሱን ገንዘብ ወደየትኛው ማዘንበል አለበት?

2. ንድፈ ሐሳባዊ መነሻ

ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ታዋቂ ጥናቱ፣ አዲስ መረጃ ለምሳሌ ስለ ክፍት የሥራ ቦታ የሚገኘው ከቅርብ ወዳጆች ይልቅ በልል ትውውቅ ከተሳሰሩ ሰዎች መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም የቅርብ ወዳጆች የሚያውቁት በአብዛኛው ያንኑ እኛ የምናውቀውን ነው። ሮበርት ፑትናም በ2000 ባሳተመው ሥራው ደግሞ ተመሳሳዮችን የሚያጣብቅ ማኅበራዊ ሀብትን የተለያዩትን ከሚያገናኝ ማኅበራዊ ሀብት ለይቷል። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ለትልቅ ጉባኤ የሚያደሉ ይመስላሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን ከሩቅ ከተሞች የሚያገናኘው ጉባኤ ነውና።

ይሁን እንጂ ዢን ሌቭና ኤትየን ዌንገር በ1991 ያቀረቡት የመማር ንድፈ ሐሳብ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በእነርሱ አመለካከት አንድ ሰው ሙያን የሚማረው በሙያው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ደጋግሞ በመሳተፍ፣ ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መሐል በመግባት ነው። ይህ መደጋገምን ይጠይቃል። በዓመት ለሦስት ቀናት የሚገናኙ ሰዎች ንግግር ሊሰሙና አድራሻ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን የሥራ ችግር ከመነሻው እስከ መፍትሔው ሊከታተል ግን አይችልም።

ቴዳ ስኮክፖል በ2003 ባሳተመችው ሥራዋ በአሜሪካ የነበሩ ትልልቅ የሕዝብ ማኅበራት በአካባቢ፣ በክፍለ ግዛትና በአገር ደረጃ የተደራጁና ከአባላት መዋጮ የሚተዳደሩ እንደነበሩ አስታውሳ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ባላቸውና በቅጥር ሠራተኞች በሚመሩ ተቋማት መተካታቸውን ትገልጻለች። አባሉ የስብሰባ ተካፋይ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ላኪ ሆነ ማለት ነው። የአይሁድ ባለሙያዎች ትስስር ታሪክም ከዚህ ሂደት ጋር ብዙ የሚመሳሰልበት ነጥብ አለው።

3. ታሪካዊ ዳራ፦ ከመዋጮ ወደ በጀት

ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የፈለሱ አይሁዶች «ላንድስማንሻፍት» የሚባሉ የአገር ልጆች ማኅበራትን መሥርተው ነበር። በ1938 በከተማዋ ላይ የታተመ የይዲሽ ጥናት ቁጥራቸውን ወደ 3,000 ገምቶታል። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ በየጊዜው ይሰበሰባሉ፤ የታመመውን ይረዳሉ፤ የመቃብር ቦታ ይገዛሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዕድር ጋር ያላቸውን ተመሳሳይነት ወዲያውኑ ይገነዘባል። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ስብሰባውና ገንዘቡ ያልተለያዩ መሆናቸው ነው፤ የሚከፍለው ሰውም የሚገናኘው ሰውም አንድ ነበር።

በሌላ በኩል የተደራጀው በጎ አድራጎት ወደ ማዕከል ይሰበሰብ ጀመር። በ1895 በቦስተን የተቋቋመው ፌዴሬሽን በከተማው የሚገኙ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ በአንድ ጥላ ሥር አደረገ፤ ሌሎች ከተሞችም አርኣያውን ተከተሉ። በ1899 የአይሁድ በጎ አድራጎት ብሔራዊ ጉባኤ ተመሠረተ፤ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች የሚመክሩበት መድረክ ሆነ። በ1924ም ለዚሁ ሙያ የሚያገለግል የሩብ ዓመት መጽሔት መውጣት ጀመረ። በትምህርት ረገድ ሳምሶን ቤንደርሊ በ1910 በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን የአይሁድ ትምህርት ቢሮ መምራት ከጀመረ በኋላ፣ ተመሳሳይ ቢሮዎች በሌሎች ከተሞች ተቋቁመው መምህራንን ማሠልጠንና ማሰባሰብ ከተግባራቸው አንዱ ሆነ።

ይህ ለውጥ ለሙያው ብዙ ጥቅም አስገኝቷል። ሙያው መጽሔት፣ ሥልጠና፣ ደረጃና ደመወዝ አገኘ። ዋጋም ነበረው፦ የባለሙያዎች መገናኘት በራሳቸው መዋጮ ሳይሆን በሌላ አካል በጀት ላይ የተመሠረተ ሆነ። በጀት ሲጠብብ በቅድሚያ ከሚቆረጡት መካከል ደግሞ የጉዞና የስብሰባ ወጪ ይገኝበታል።

4. የሁለት ጉዞዎች ንጽጽር

4.1 የአሜሪካው ጥምረት

በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ኬጅ» በመባል የሚታወቀው የአይሁድ ትምህርት ጥምረት በ1976 በሮድ አይላንድ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ጉባኤ ተጀመረ። መሥራቾቹ በጊዜው የነበረውን የአይሁድ ትምህርት አሰልቺነት ለመለወጥ የተነሡ ወጣቶች ነበሩ። ጉባኤው የኦርቶዶክስ፣ የኮንሰርቫቲቭና የሪፎርም ወገን መምህራንን፣ የትርፍ ሰዓት መምህሩንና ፕሮፌሰሩን በአንድ መድረክ ያገናኝ ስለነበር በዘርፉ ልዩ ቦታ አግኝቷል። በየክረምቱ በተለያየ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተዘዋወረ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆየ።

በ2008 የደረሰው የፋይናንስ ቀውስ ግን ድርጅቱን በደካማ ጎኑ መታው። ገቢው በአብዛኛው በዓመታዊው ጉባኤና በልገሳ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ምኩራቦችና ትምህርት ቤቶች የመምህራንን የጉዞ ወጪ መሸፈን ከበዳቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የበርናርድ ማዶፍ ማጭበርበር ተጋለጠ፤ ገንዘባቸውን በእርሱ ዘንድ ያስቀመጡ አንዳንድ የአይሁድ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽኖች እስከ መዘጋት ደረሱ፤ የልገሳው አየርም በጠቅላላው ቀዘቀዘ። ጥምረቱ ለ2009 የታቀደውን ጉባኤ ሰርዞ በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛ፣ ድርጅቱ ቢዘጋም ሰዎቹ ትስስሩን ፈጽመው አልተዉትም፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት ራቢ ሼሪ ኮለር ፎክስ በ2010 «ኒው ኬጅ» የተባለውን ተተኪ መሥርተዋል። ሁለተኛ፣ በጥምረቱ ዘመን «ሚኒ ኬጅ» የሚባሉ የአንድ ቀን ስብሰባዎች በየከተማው ይካሄዱ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚያዘጋጇቸው የየአካባቢው የትምህርት ቢሮዎች ነበሩ። እነዚህ ስብሰባዎች ሕልውናቸው በማዕከሉ የሒሳብ መዝገብ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። ማዕከሉ የራሱን ጉባኤ ማዳን ሲያቅተው የአካባቢ ስብሰባ የራሱ ባለቤት ካለው ሊቀጥል የሚችልበት ዕድል ይኖረዋል።

4.2 የብሪታንያው ሊሙድ

ሊሙድ በዕብራይስጥ «መማር» ማለት ነው። ጥቂት የብሪታንያ መምህራን በአሜሪካው ጥምረት ጉባኤ ተገኝተው ካዩት ተነሥተው በ1980 የመጀመሪያውን ስብሰባ አካሄዱ፤ ተሳታፊዎቹም ወደ 80 የሚጠጉ ነበሩ። አጀማመሩ እንግዲህ የባለሙያዎች መሰባሰቢያ ሆኖ ነው፤ ኋላ ግን መማር ለሚፈልግ ሁሉ በሩን ከፈተ።

ሊሙድን ከምንጩ የለየው የአሠራር ምርጫ ነው። ዝግጅቱን የሚመሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ትምህርት አቅራቢዎች ለንግግራቸው ክፍያ አይቀበሉም፤ በዚህ ዓመት አስተማሪ የነበረ በሚቀጥለው ወንበር ደርዳሪ ሊሆን ይችላል። የማዕረግ ስሞችን ወደ ጎን የመተው ልማድም አለው። በዚህ ምክንያት አሠራሩን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ቀላል ሆነ። በ1999 በአውስትራሊያ የመጀመሪያው የአካባቢ ሊሙድ ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላ አሠራሩ በበርካታ አገሮች ከተሞች ተስፋፍቷል። እያንዳንዱ የአካባቢ ቡድን የራሱን ቀን ይቆርጣል፤ የራሱን ገንዘብ ያሰባስባል፤ የራሱን ፈቃደኞች ያሠማራል፤ ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው ስሙና የጋራ መርሆቹ ናቸው።

4.3 ንጽጽሩ ምን ያሳያል?

ሁለቱ ድርጅቶች የተቋቋሙባቸው አገሮች ስፋት፣ የማኅበረሰቦቹ ብዛትና የልገሳ ባህላቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የአንዱን መዘጋትና የሌላውን መስፋፋት በአንድ ምክንያት ብቻ መግለጽ አይቻልም። ሆኖም አንድ መዋቅራዊ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካው ጥምረት ውስጥ ዓመታዊው ጉባኤ ግንድ፣ የአካባቢው ስብሰባ ቅርንጫፍ ነበር። በሊሙድ ግን እያንዳንዱ የአካባቢ ቡድን የራሱን ሥር እንዲሰድድ ተደርጓል። ግንድ ሲቆረጥ ቅርንጫፍ ይደርቃል፤ ብዙ ሥር ያለው ተክል ግን አንዱ ቢነቀል በሌላው ይቆማል።

5. የአነስተኛ ድጎማ አሠራሮች

ከ2000 ወዲህ በአይሁድ በጎ አድራጎት ዘርፍ አስተናጋጁን በቀጥታ የሚደግፉ መርሐ ግብሮች ተስፋፍተዋል። ሦስቱን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በ2006 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የተጀመረው ሞይሼ ሐውስ ነው። ጥቂት ወጣቶች በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ድርጅቱ የቤት ኪራያቸውን በከፊል ይሸፍናል፤ እነርሱም በምላሹ ለእኩዮቻቸው በየወሩ የተወሰኑ ዝግጅቶችን ያሰናዳሉ። ሁለተኛው በ2014 የተጀመረው ዋን ቴብል ነው። የዓርብ ማታ የሰንበት ማዕድ ለማዘጋጀት የሚፈልግ ወጣት ይመዘገባል፤ ለምግቡም በእንግዶቹ ቁጥር ልክ ድጎማ ያገኛል። ሁለቱም በቀጥታ የሙያ ትስስሮች አይደሉም፤ ነገር ግን ድጎማው ወደ አዳራሽና ወደ ተናጋሪ ሳይሄድ ሰው ጋባዥ ወደሆነበት ቤት እንዲሄድ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ለሙያ ትስስር ይበልጥ የሚቀርበው ሦስተኛው፣ በሊን ሹስተርማን አነሣሽነት በ2005 የተቋቋመው አር ኦ አይ ማኅበረሰብ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተመረጡ ወጣት የአይሁድ መሪዎችና የፈጠራ ሰዎች በኢየሩሳሌም በሚካሄድ ጉባኤ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሙያ ዕድገታቸውና ለሚያዘጋጇቸው መሰባሰቢያዎች አነስተኛ ድጎማ ሊጠይቁ ይችላሉ። በዚህ አሠራር ጉባኤውና የአካባቢው ስብሰባ ተፎካካሪዎች አይደሉም። ጉባኤው ይዘራል፤ ድጎማው ያጠጣል።

የሁለቱን የወጪ ሚዛን በግምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ለጋሽ 60,000 ዶላር አለው እንበል። ለአንድ ተሳታፊ የጉዞ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ 1,000 ዶላር ቢሆን፣ በገንዘቡ 60 ሰዎችን ለሦስት ቀናት ማሰባሰብ ይቻላል። በቀን ስምንት ሰዓት ቢገናኙ 1,440 የተሳትፎ ሰዓት ይሆናል። ያው ገንዘብ በ20 ከተሞች፣ በእያንዳንዱ በዓመት 10 ጊዜ፣ ለአንድ ስብሰባ 300 ዶላር ሆኖ ቢከፋፈል 200 ስብሰባዎችን ይሸፍናል። በእያንዳንዱ 12 ሰዎች ለሁለት ሰዓት ቢገናኙ 4,800 የተሳትፎ ሰዓት ይገኛል። የሰዓቱ ብዛት ብቻውን የጥራት መለኪያ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት ያለው በሥርጭቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት በሦስት ቀናት ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

6. የገንዘቡ ወሰን

አነስተኛ ድጎማ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዑሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ በ2000 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በሃይፋ ከተማ በሚገኙ 10 የሕፃናት መዋያዎች በተካሄደው ጥናት፣ በስድስቱ ልጃቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ 10 ሼቄል ቅጣት ተጣለ። የሚዘገዩት ወላጆች ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ጨመረ፤ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቀድሞ በይሉኝታ ይመራ የነበረው ግንኙነት ዋጋ ተተመነለት፤ ዋጋው ሲነሣ ይሉኝታው አብሮ አልተመለሰም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ አስተናጋጁ ለድካሙ ቢከፈለው መስተንግዶው አገልግሎት ሊሆንና ክፍያው ሲቆም እርሱም ሊቆም እንደሚችል ነው። ስለዚህ ድጎማው የአስተናጋጁን ወጪ ሊሸፍን እንጂ ድካሙን ሊገዛ አይገባም።

ሊሸፈኑ የሚገባቸው ወጪዎች ደግሞ ከማኅበረሰቡ ሕይወት የሚመነጩ ናቸው። ኦርቶዶክሱም ሌላውም አብረው እንዲመገቡ የኮሸር ሥርዓትን የጠበቀ ምግብ ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሌላው ምግብ ይወደዳል። በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ ጥበቃ መቅጠር የብዙ ዝግጅቶች ወጪ አካል ሆኗል፤ ለዐሥራ ሁለት ሰዎች ስብሰባ ከምግቡ ይልቅ ጥበቃው ሊያስወጣ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ባለሙያዎች የልጅ ጠባቂ ክፍያ መገኘትንና መቅረትን ይወስናል። የስብሰባው ጊዜም ከሰንበትና በመስከረምና በጥቅምት ከሚደራረቡት በዓላት ጋር መጣጣም አለበት፤ በየወሩ አንድ ስብሰባ የሚል ግትር ደንብ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

አካባቢያዊነትም የራሱ ወሰን አለው። ሁልጊዜ የሚገናኙት እነዚያው ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ግራኖቬተር እንዳሳየው አዲስ መረጃ ይነጥፋል። ስብሰባው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ቤት ከተካሄደም ለአዲስ መጤ የተዘጋ የወዳጆች ክበብ ይመስላል። በከተማው ሦስት መምህራን ብቻ ካሉ ደግሞ በሙያ ዓይነት ከመለየት መምህሩን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውንና የካምፕ ኃላፊውን በአንድ ጠረጴዛ ማሰባሰብ ይሻላል።

ከውጭ የሚመጣ ድጎማ በሌለበትም መሰባሰብ እንደሚጸና የሚያሳይ ምሳሌ በእስራኤል አለ። ዛሬ ከ160,000 በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ እንዲሁም በሌሎች ጉዞዎች ወደ እስራኤል ከገቡትና እዚያው ከተወለዱት የተውጣጡ ናቸው። ሐጋር ሰለሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት በእነዚህ ሴቶች ዘንድ ዕቁብ በአዲሱ አገር እንደቀጠለ አሳይተዋል። ዕቁብ ለጋሽ የለውም። ሰውን በየጊዜው የሚያገናኘው እያንዳንዱ አባል በሌላው ላይ ያለው እምነትና ግዴታ ነው። የዕቁብ ገንዘብ በዕጣ ለግለሰብ የሚደርስ ስለሆነ እንዳለ ለሙያ ስብሰባ አይገለበጥም፤ መርሁ ግን ይሠራል፦ ሰው የራሱን ድርሻ ባዋጣበት ስብሰባ ለመገኘት የበለጠ ይተጋል።

7. ለለጋሾችና ለአስተባባሪዎች የሚጠቁማቸው ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ይወጣሉ።

ሀ. ትልቁን ጉባኤ ከመተው ይልቅ ከበጀቱ የተወሰነውን ለጉባኤው ማግስት መመደብ ይገባል። ተሳታፊው ወደ ከተማው ሲመለስ የመጀመሪያውን ስብሰባ የሚጠራበት ቀንና አነስተኛ ገንዘብ በእጁ ሊኖር ይገባል።

ለ. ማመልከቻው ከድጎማው መጠን ጋር መመጣጠን አለበት። ለ300 ዶላር የብዙ ገጽ ማመልከቻ መጠየቅ ሥራ የበዛበትን ባለሙያ ከመነሻው ያሰናክላል።

ሐ. ድጎማው ለአንድ ዙር ብቻ ከሚሆን መጠኑ ቀንሶ ለበርካታ ዓመታት ቢዘልቅ ይመረጣል፤ መደጋገም የሚገነባው በጊዜ ነውና።

መ. ተሳታፊዎች በአቅማቸው የሚያዋጡት ድርሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ መኖር አለበት፤ ምግብ ይዞ መምጣት፣ ቦታ መስጠት ወይም ጥቂት ገንዘብ ማዋጣት ሊሆን ይችላል።

ሠ. የስኬት መለኪያው ከተሰብሳቢ ብዛት ሊያልፍ ይገባል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተመለሰ? አስተናጋጁ በሌላ ሰው ተተክቷል? በሁለት ስብሰባዎች መካከል የተረዳዱ ተሳታፊዎች አሉ? ድጎማው በዘገየበት ወር ስብሰባው ተካሂዷል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ የትስስሩን ጽናት ይፈትናል።

8. ማጠቃለያ

የአይሁድ ባለሙያዎች ትስስር ታሪክ ከመዋጮ ወደ ማዕከላዊ በጀት፣ ከዚያም ወደ አስተናጋጅ ተኮር ድጎማ የተደረገ ጉዞ ነው። የአሜሪካው ጥምረት መዘጋት ከሠላሳ ዓመታት በላይ የተከማቸ ትውውቅ በአንድ ዓመት የገንዘብ እጥረት ያለ ጣሪያ ሊቀር እንደሚችል አሳይቷል፤ የሊሙድ መስፋፋት ደግሞ ባለቤትነቱ በየአካባቢው የተከፋፈለ ትስስር ተሻግሮ ሊበቅል እንደሚችል ይመሰክራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል ለሙያ ሕይወትም ይሠራል፤ በትንሽ ከተማ ብቻውን ለሚያስተምር ሰው፣ በዓመት አንዴ የሚያየው አንድ ሺህ የሙያ አጋር፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ የሚያገኛቸውን ዐሥር ባልደረቦች አይተካለትም። የለጋሹ ኃላፊነት ያ ማክሰኞ እንዳይቀር ማገዝና፣ አንድ ቀን ያለ እርሱ ድጎማም እንዲካሄድ መንገዱን ማመቻቸት ነው።